«ኢኖርሚቲ» ግዝፈት ነው ወይስ ክፋት? አንድ ጥያቄና 34 መልስ

ጥያቄውን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ፣ ተናድጄ ነበር። ስለ ደብረ ሊባኖሱ ጭፍጨፋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ስተረጉም «ኢኖርሚቲ» (enormity) የሚል ቃል ገጠመኝ። «ኢኖርመስ» ግዙፍ ማለት አይደል? እንግዲያው ይሄም ግዝፈት ነው አልኩና «የጭፍጨፋው ግዙፍነት» ብዬ አለፍኩ። አርታኢው ሁለቱን ቃላት በቀይ ከቦ፣ ከጎናቸው አንዲት የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ መለሰልኝ። ሌላ አንድ ፊደል አልጻፈም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ገብቼ ቃሉ ስለ መጠን እንጂ ስለ ሌላ ነገር እንደማይናገር፣ አርታኢዎች ሥራ ሲፈቱ ቀይ እስክሪብቶ እንደሚያነሱ፣ ከዚህ የተለየ የሚያውቅ ካለ ግን ለመማር ዝግጁ እንደሆንኩ ጻፍኩ። (የአርታኢዎቹን ነገር ዛሬ ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር፤ መድረኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስተካከል አይፈቅድም።)

1ኛው መልስ ልቤን አሞቀው። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ከእኔ ጋር ተስማሙ። የቃሉ ማለቂያ የእኛው «-ነት» ስለሆነ ግዙፍን ግዙፍነት ማድረግ ምንም ነውር እንደሌለው ጻፉልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልተኛ ስል 2ኛው መጣ፤ ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የሚደረደሩትን መልሶች፣ ለመከታተል አንዲት ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አይጠፋም።

3ኛዋ ናት ወንበሬን የነቀነቀችው። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት የምታስተረጉም ሴት ናት። ይቅርታ ጠይቃ ጀመረችና፣ ተጠንቅቀው የሚጽፉ ሰዎች ቃሉን የሚያውሉት ለከፋ ክፋት፣ ከሰውነት ለወጣ ወንጀል እንደሆነ አስረዳች። መጠንን ብቻ ለመናገር «ኢኖርመስነስ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ አፍ ላይ ስለሚከብድ ግን ወዳጅ የለውም። ከዚያ አንድ ገጠመኝ አከለች፦ በማጭበርበር የተከሰሰ ያገራችን ሰው ቅጣት ሊወሰንበት ሲል ዳኛዋ ይህችኑ ቃል ትጠቀማለች። የዕለቱ አስተርጓሚ «የወንጀሉ ትልቅነት» ብሎ ያቀብለዋል። ሰውየው መጸጸቱን ትቶ ብድግ ይልና ገንዘቡ የተባለውን ያህል እንዳልነበረ መከራከር ይጀምራል። ዳኛዋ ስለ ክፋቱ ተናግራ፣ እሱ ስለ ብሩ ብዛት ሰምቶ ነበር። ስንት ዓመት እንደተፈረደበት አልጻፈችም፤ ሁለት ሰው ጠየቃት፣ አሁንም አልጻፈችም።

4ኛው ሥሩን ቆፍሮ አመጣ። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ኤኖርሚቴ» በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ላቲኑ «ኢኖርሚስ» ሲከፈል አንደኛው ቁራጭ «ውጪ» ማለት ሲሆን ሌላው «ኖርማ» ነው። ኖርማ ደግሞ አናጺ ማዕዘን የሚፈትሽበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ ኢኖርሚስ የተባለው ነገር በመሣሪያው ሲለካ ከማዕዘኑ የወጣ ነው። በእንግሊዝኛም መጀመሪያ ከሥርዓት መውጣትን፣ ቀጥሎ ከባድ በደልን ሲያመለክት ቆይቶ፣ የመጠን ትርጉሙ የተከተለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ነበር፤ ሰላምታም ስንብትም የለውም። ከክሩ ሁሉ ግን እኔን የጠቀመኝ እሱ ነው።

5ኛው ያቺን ስለ አርታኢዎች የጻፍኳትን ይዞ መጣብኝ። መዝገበ ቃላት መግለጥ የሰነፈ ሰው ተርጓሚ ነኝ ማለቱ እንደሚያሳፍር፣ አርታኢውም የጥያቄ ምልክት ማስቀመጡ ጨዋነት እንጂ ድክመት እንዳልሆነ ነገረኝ። 6ኛው እኔው ነበርኩ፤ ዛሬ ሳነበው የማፍርበትን መልስ ሰጠሁት።

7ኛውን ግን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ራሱን የአናጺ ልጅ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ነው፤ አባቱ ኮልፌ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። 4ኛው ኖርማ ያለው መሣሪያ በእኛ ዘንድ ስኳድራ እንደሚባል ነገረን። መዶሻው፣ መጋዙ፣ መላጊያው አንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቆ ሲጣል፣ ስኳድራው ብቻ ግድግዳው ላይ የራሱ ምስማር ነበረው። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ በስኳድራው እጀታ ምስማር ሲመታ አባትየው አይተው፣ ልጁን ሳይሆን ስኳድራውን ወስደው እንደገና ፈተኑት። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣውላ ይመረጣል፤ ስኳድራው ጠርዙ ላይ ተደግፎ በሹል እርሳስ መስመር ይሰመራል። ከዚያ ስኳድራው ይገለበጥና ከዚያው ነጥብ ተነስቶ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ ስኳድራው ደህና ነው። ጫፋቸው ላይ እንደ መቀስ ከተከፈቱ ግን ዋሽቷል፤ የሚታየው ክፍተትም የስህተቱ እጥፍ ነው። ያን ቀን የፀጉር ያህል ተከፍቶ ተገኘ። አባትየው ሸጠውት ሌላ አናጺ እንዳያሳስት ብለው ራሳቸው አጣመው ጣሉት። በዋሸ ስኳድራ የተሠራ የበር መቃን መጀመሪያው ማዕዘን ላይ ምንም አይታወቅበትም፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን እንጨቱ አልገጥም ይላል፤ በሩን ብትስበውም ብትገፋውም አይዘጋም።

8ኛው አጭር ነበር፤ ስኳድራ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያን የመጣ እንደሆነ አስታወሰን። 9ኛው ከዚያ አንድ እርምጃ ሄደ። «ስኳድራ» በጣልያንኛ ማዕዘን መለኪያም ነው፣ የሰዎች ቡድንም ነው። የፋሺስቱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በአገራቸው ከተሞች እየዞሩ ሰው ሲደበድቡ በዚሁ ቃል «ስኳድሪስቲ» ይባሉ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከተለቀቁት ገዳዮች መካከልም ጥቁር ሸሚዞቹ ነበሩበት። እኔ የምተረጉመው ጽሑፍ ስለዚያው ዘመን ስለሆነ ሁለቱ ስኳድራዎች አጠገብ ለአጠገብ መምጣታቸው ደስ አላለኝም። 9ኛውም ደስ ብሎት የጻፈው አልመሰለኝም።

10ኛዋ መሐንዲስ ናት። በሒሳብ «ኖርማል» መስመር የሚባለው አንድ ገጽ ላይ በ90 ዲግሪ የሚቆመው እንደሆነ፣ ቃሉ የድሮ አናጺ ፍቺውን እስከ ዛሬ ይዞ የቆየው እዚያ ብቻ እንደሆነ ጻፈች። «ኖርማል» ለተለመደ ነገር መዋል የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ኖርማ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ 3፣ 4ና 5 ጫማ የሆኑ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶችን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሙ ይላል። የሷም ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ ሲባጎ ዘርግተው ባንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለኩና ማዶ ለማዶው 5 መምጣቱን ያያሉ። ፓይታጎረስን በስም የሚያውቀው አንዳቸውም አይደለም። ይህን ያለችው በአድናቆት ነው፤ 13ኛው ግን እንደ ንቀት ወሰደባትና ግንበኛ አጎቱን ጠቅሶ ተቆጣ። ማብራሪያ ሰጠችው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ልክ ናት ባይ ነኝ።

11ኛው የሕግ ተማሪ ነው፤ ለዚህ ነገር ቆይቶ የተዘጋጀ ይመስላል። ላቲንና እንግሊዝኛ ክፋትን በጠማማ ነገር መስለው መናገራቸው አዲስ እንዳልሆነ አሳየን። የፍትሐ ብሔር በደል «ቶርት» የሚባለው የተጠመዘዘ ከሚል ቃል መጥቶ ነው። «ሮንግ» ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች የተወረሰና ጥንት ጠማማ ማለት የነበረ ሲሆን፣ ልብስ ከሚጨመቅበት «ሪንግ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። 12ኛዋ ከአፉ ተቀብላ ወደ ቤታችን መለሰችው፦ ቀና ሰው፣ ቅን ፈራጅ፣ ጠማማ ሰው፣ ፍርድ አጣመመ። አሞጽም ጌታን ያየው በእጁ ቱንቢ ይዞ ቅጥር ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ላይ የአናጺው ልጅ ተመልሶ፣ ቱንቢ የሚለካው ወደ ላይ መቆምን፣ ስኳድራ ደግሞ ማዕዘንን ስለሆነ እንዳይቀላቀሉበት ለመነ። 14ኛ መሆኑ ነው። በትሕትና ነበር የጻፈው፤ ክሩ ከጊዜ በኋላ የተበላሸው ግን በዚህችው ቱንቢ ነው።

15ኛውን ከመልሶቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። ጫማ ሻጭ ነኝ ይላል፤ ቀልዱን ይሁን እውነቱን አላውቅም። ሰው ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልኩን ነው፤ 41 ነው 42? ያው ሰው ዋጋው ላይ ሲስማማ ልክ ነህ ይለዋል። አማርኛ ስንትነትንም ትክክልነትንም በአንድ ቃል «ልክ» ብሎ ጨርሶታል። ለካ፣ ልክ፣ ልክህን እወቅ፣ ልክ አስገባዋለሁ፣ ከልክ ያለፈ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንዱ ቃል ስለ መጠን ነው ስለ ሥርዓት ብለው የሚጣሉበትን ነገር እኛ ስንጫወትበት ነው የምንውለው። ከልክ ያለፈ ጨውና ከልክ ያለፈ ሰው አለ፤ ጨዉን ትቀንሰዋለህ፣ ሰውየውን ምን ታደርገዋለህ? 11 ሰው ወደደው፤ ለዚህ መድረክ ብዙ ነው።

ከ16 እስከ 19 ያለው ኦባማ ነው። አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፣ ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2009 ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀው ሥራ ሲናገር ይህችኑ ቃል እንደተጠቀመ አስታወሰ። ሥራው ክፉ ነው ማለቱ ነበር? በዚህ ጥያቄ ተጀምሮ ወደ ፓርቲ፣ ከፓርቲ ወደ ቪዛ ሄደ። አልተከታተልኩትም፤ ከዚያ ውስጥ ለእኔ የጠቀመኝ ቃሉ በንግግር አዋቂ አፍ ሳይቀር ለመጠን እንደሚውል ማወቄ ነው።

20ኛው ክሩን ወደ መንገዱ መለሰው። የእንግሊዝኛ ቃላት አጠቃቀም መጻሕፍት ሁለት ጎራ ናቸው። ፋውለር በ1926 መጽሐፉ ሁለቱ ትርጉሞች እንዳይደበላለቁ መክሯል፤ ስትረንክና ዋይት ደግሞ ቃሉን ለአስፈሪ ክፋት ብቻ አውሉት ይላሉ። መሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላት ግን የመጠኑንም ፍቺ ይመዘግባል፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ሲጠቀሙበት እንደኖሩ ያስረዳል። ከዚያ ሚዛኑን ያዛባች አንዲት ነገር ጨመረ፦ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን «ኢኖርመስ»ን ለገነት ደስታ ተጠቅሞበታል፤ ከሥርዓትና ከጥበብ ሁሉ ያለፈ ደስታ ለማለት። ስለዚህ ከማዕዘን መውጣት ሁልጊዜ ወደ ክፋት አይደለም። 21ኛዋ ቤን ጆንሰን በ1614 ለመድረክ ያበቃውን ኮሜዲ አነሳች። አንድ ዳኛ ማንነቱን ደብቆ ገበያ መሐል «ኢኖርሚቲ» ሲያድን ይውላል፤ ያ ሁሉ ትልቅ ቃል የሚዞረው በቢራ ማንቆርቆሪያ ጥልቀትና በምግብ ርዝመት ዙሪያ ነው። ያኔም በቃሉ ይሳቅበት ነበር ማለት ነው።

22ኛው «ቪለን» የሚለውን ይዞ ገባ፤ የፊልሙ ክፉ ሰው መነሻው «ቪላኑስ»፣ ማለትም የገጠር እርሻ ላይ የሚሠራ ጭሰኛ ነው። ከዚያ ባለጌ የሚለው ቃልም ከባላገር የመጣ ነው ብሎ በእርግጠኝነት ደመደመ። 23ኛው ማስረጃ ጠየቀው፤ አላመጣም። ባላገር ማለት አገር ያለው ሰው ሆኖ ሳለ ከተሜ ስድብ እንዳደረገው ግን ሁላችንም ሰምተናል። 24ኛው ራሱ የባላገር ልጅ እንደሆነ፣ መቀለጃ መሆኑ እንደሰለቸው በሁለት መስመር ጽፎ ወጣ። አወያዩ ገብቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አዘዘን፤ እሱ 25ኛ ሆኖ ተቆጠረ።

26ኛው ክሩን ቀጥ አደረገው። አያቱ የሰላሌ ሰው ናቸው። መነኮሳት ተደርድረው ስለተረሸኑበት ቀን የተጻፈ ነገር ይዘን ስለ ስኳድራና ስለ ጫማ ቁጥር መሳቃችን እንዳሳፈረው፣ ሰው ሲሞት ሞተ ማለት እንደሚበቃ፣ ለቃል መምረጥ የሚተርፈን ጊዜ ካለ ሄደን ገዳሙን እንድንሳለም ጻፈ። ለጥቂት ሰዓት ማንም አልመለሰለትም። እኔም ምን ልበል?

ማታ ላይ አስተርጓሚዋ ተመለሰች፤ 27ኛዋ እሷ ናት። ቅሬታውን ተቀብላ፣ ቃሉ የሚፈለገው ለዚያ ቀን ሲባል እንደሆነ አስረዳች። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር በደንብ የተቆጠረ ነበር፦ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን፤ መጀመሪያ የተተዉት 129 ዲያቆናት ደግሞ ከቀናት በኋላ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦታውን የመረመሩ ሰዎች የሟቾቹን ቁጥር ከዚያ ብዙ እጥፍ አድርሰውታል። ጉዳዩ ግዝፈት ነው ካልን ክርክሩ የሚቀጥለው ከቁጥሮቹ የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው፤ ልክ እንደዚያ ችሎት ፊት እንደቆመው ሰውዬ። ገዳሙ ግን በእነዚያ ቀናት የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የፍልሰተ ዐፅም በዓል ለማክበር የመጣውን ሰው ሁሉ ይዞ ነበር። ለበዓል የመጣን ሰው ከገዳሙ አስወጥቶ በመኪና ጭኖ ወስዶ መረሸን ምን ይባላል? አንድ ሰው ቢሆንስ ኖሮ? 26ኛው መልስ አልጻፈም፤ ጽሑፏን ግን ወደደው።

ከ28 እስከ 31 ያለው ምን እንበለው የሚል ነው፤ ሥራዬን የሠሩልኝ እነሱ ናቸው። አንዱ «ዘግናኝነት» አለ፤ ሌላዋ ዘግናኝ የሚለው የተመልካቹን ሰውነት እንጂ የሠሪውን ሥራ እንደማይናገር፣ ጥሬ ሥጋ ያየ ሰውም እንደሚዘገንነው አስታወሰች። «አረመኔነት» ደግሞ የሰውየው ጠባይ ነው፤ ተኝቶም አረመኔ ነው። 1ኛው መምህር በዚህ መሐል ተመልሰው፣ ማክሰኞ የሰጡኝ መልስ የተሳሳተ እንደነበር፣ ተማሪዎቻቸውን ሃያ ዓመት እንዲሁ እንዳስተማሩ በግልጽ ጻፉ። ከዚያ «ግፍ»ን አቀረቡ። ግፍ አቅም ያለው አቅም በሌለው ላይ የሚሠራው ነው፤ የሚሠራው አለ፣ የሚደርስበት አለ፣ ይጮኻል። በነጋታው የተዋስኩት ይህን ነው፤ ከጫማ ሻጩ ልክን፣ ከመምህሩ ግፍን ወስጄ «ልክ ያጣ ግፍ» ብዬ ጻፍኩ። 5ኛውንም ይቅርታ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም።

32ኛው ስኳድራ ዛሬ መርካቶ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ። 33ኛው የቻይናውን እንዳይገዛ መከረው። 34ኛው፣ 12ኛዋ የጻፈችው «ቱንቢ» ትክክለኛ አጻጻፉ «ቱምቢ» እንደሆነ ገልጾ፣ አሞጽ ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ እንድናይ ጠየቀ።

አርብ ጠዋት ትርጉሙን መልሼ ላክሁ። ከሰዓት መጣልኝ፤ «ያጣ» የምትለዋ በቀይ ተከባለች። በዚህ ጊዜ ግን አርታኢው ከጥያቄ ምልክቷ ጎን ሦስት ቃላት አክሎበታል፦ ያጣ ወይስ ያለፈ? ጥያቄውን 35ኛ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። እስካሁን የመጣው መልስ አንድ ነው፤ እሱም ስለ ቱንቢ ነው።